ራሷን ያልለካችው ልብስ ሰፊ

«ወይ ጉድ! የልብስ ሰፊ ቀሚስ እንዲህ ጆንያ ይሆናል?»

ጎረቤትየዋ ማንሾካሾኳ ነበር፤ የሴትየዋ ሹክሹክታ ግን ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ለለቀስተኛው ሻይ እያዞረች ሰማቻት። እውነቷን እኮ ነው! የሰውን ሁሉ ወገብ አሳምራ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ላሳደገቻት አክስቷ ሐዘን የለበሰችው በግምት የተቆረጠ ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ኮሌታው አገጯ ድረስ። በልጅነቷ የፈላ ውሃ አንገቷን ካቃጠላት ወዲህ ራሷን ለክታ አታውቅም። ያንን አንገት ሳትሳቀቅ የምትስመው አክስቷ ብቻ ነበረች። እሷም ትናንት ተቀበረች።

«ከእንግዲህ ማን ይወደኛል?» የሚለው ነገር ውስጧን ይበላት ነበር።

አክስትየዋም በሕይወት ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልኩን ጮክ ብላ ስትጠራ ይቺ በጠመኔ ትጽፍላት ነበር። ሥራ ሲያልቅ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ የሙሽሮቹን የፍቅር መዝሙር ታነብላት ነበር።

«ኧረ አክስቴ፣ ይሄ እኮ የባልና ሚስት ጨዋታ ነው!»

«ሞኝ! ሙሽራው እየለካት እኮ ነው፣ ከራሷ እስከ እግሯ። እኛ ስንለካ ይሄ ጠበበ፣ ያ ተረፈ እንላለን። እሱ ምንም አልጎደላትም አለ።»

«ታድላ! እኔንስ ማን እንዲህ ይለካኛል?»

«ውጭ ውጭውን አትይ። በመዝሙሩ በሩን የሚያንኳኳው ሙሽራ እግዜር ነው፤ የቆመው ደግሞ አንቺ በምትሸሺው ገላሽ ውስጥ ነው። ክፈችለት!»

ያኔ ስቃ አልፋው ነበር። አሁን ትሪውን እንደያዘች ነገሩ ድንገት ገባት። አክስቷ ሄደች እንጂ በእሷ በኩል የወደዳት የእግዜር ፍቅር የትም አልሄደም። ትሪውን ጎረቤትየዋ ጭን ላይ አስቀምጣ መስፊያ ክፍሉ ገባች። መስታወቱ ፊት ቆማ ኮሌታዋን ፈታች። ጠባሳው እንዳለ ነው። አላማረም፣ አላስፈራም፤ አንገቷ ነው።

«ለካ አንቺ ነሽ» አለቻት መስታወቱ ውስጥ ያለችውን። እፎይ! ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት።

ጎረቤትየዋ ከነትሪዋ ብቅ አለች። «ውይ ልጄ፣ ሰምተሽኝ ነው? ምላሴ ይቆረጥ!»

«እውነትዎን ነው እትዬ፣ ጆንያ ነው። በልኬ ላጥብበው ነው።»

በለቅሶ ቤት ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ አዞረች። «አንገት፣ ሠላሳ አራት!» ስትል ጮክ ብላ ጠራች፤ ድምፁ ቁርጥ የአክስቷን ሆነ። ጎረቤትየዋ ትሪውን አስቀምጣ፣ ጠመኔ አንሥታ ጨርቅ ላይ ጻፈችላት። ልብስ ሰፊዋም ሜትሩን ሳትፈታ፣ ባዶ አንገቷን የሴትየዋ ትከሻ ላይ ጥላ፣ ለአክስቷ እስኪወጣላት አለቀሰች።