ያለፋት ጽዋ

አሰጋሽ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማ ሳለ ጽዋው አልፏት ሄደ። መጀመሪያ ጋሽ ሳህሌ የተሳሳቱ መስሏት ነበር። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ቤቱም በሰው ተጨናንቋል። እሳቸው ግን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ደረታቸው ላይ እንዳስጠጉ ከፊቷ ፈቀቅ አሉና አጠገቧ ለቆመችው ለልዕልት አስረከቡ። ልዕልት ተራዋ ስላልነበረ አልተዘጋጀችም፤ ደንግጣ በባዶ እጇ ተቀበለች። የተጀመረው እልልታም እዚያው ቀረ።

የአቦ ጽዋ ማኅበር ነው። ወር በገባ በአምስት አባላቱ በየተራ ቤታቸው ይዘክራሉ፤ ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጥና እስከሚመጣው አምስት ድረስ እሱ ቤት ያድራል። የማኅበሩ አለቃ፣ ማለትም ሙሴው፣ ጋሽ ሳህሌ ናቸው። አቃቂ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን ከወፍጮው ይልቅ በሙሴነታቸው ነው። የዛሬው ተራ የማን እንደሆነ ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

"ጋሽ ሳህሌ፣ ተራው የእኔ ነው" አለች አሰጋሽ። ነጠላዋን ገና አልሰበሰበችም።

"አውቃለሁ ልጄ። ቁጭ በይና እንነጋገር።"

አልተቀመጠችም። ጋሽ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚናገሩት ተዘጋጅተውበት እንደመጡ ያስታውቃል። ጽዋው ቅዱስ እንደሆነ፣ ቅዱስ ማለትም የተለየ ማለት እንደሆነ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ካህናቱ ንጹሑን ከርኩሱ እንዲለዩ መታዘዛቸውን እያዘኑላት በሚመስል ድምፅ አስረዱ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ። አሰጋሽ ክር ፋብሪካው ሠራተኛ ከቀነሰ ወዲህ ቆዳ ፋብሪካ ገብታለች፤ የምትሠራውም ጥሬው ቆዳ በኖራ የሚነከርበት ክፍል ነው።

"ሥራሽን አልናቅንም" አሉ። "ነገር ግን ሽታው ቤትሽ ድረስ ገብቷል። የበድን ሽታ ባለበት ቤት ቅዱስ ነገር እንዴት ያድራል? ሥራ ስትቀይሪ ተራሽ ይመለስልሻል።"

ከኋላ አንድ ሰው "የፋቂ ቤት" ብሎ አንሾካሾከ። አሰጋሽ ዘወር ብትል ሁሉም ዳቦው ላይ አቀርቅሯል። ለእነዚህ ሴቶች አራስ ሲሆኑ ገንፎ ያገነፋች፣ ለቅሶ ሲደርስባቸው ድስት ስታጥብ ያደረች እሷ ናት። ያኔ እጅሽ ይሸታል ያላት አልነበረም። ከአቦ ሥዕል ሥር ወደተቀመጡት ወደ ቄስ ዘአማኑኤል ተመለከተች። የማኅበሩ አባት ናቸው፤ እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቄሱ የያዙትን ጭራ ያዩ ነበር።

ድርሻዋን ዳቦ ሳታነሳ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አልቻለችም፤ ዞር አለች።

"አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖረ ጻድቅ ነው። የእኔ ቤት ሽታ ነው የሚያሸሸው?"

ወደ ቤቷ ስትሄድ ንዴቱ እግሯን አፈጠነው፤ ቤቷ ስትቃረብ ግን እግሯ ከበዳት። ቤት ውስጥ ቀናው እየጠበቃት ነው።

ቀናው ባሏ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱም እሱ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከረገጠም ቆይቷል። ጽዋው መጨረሻ ቤታቸው የገባ ጊዜ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር የተቀበለው። በሽተኛ መጠየቁ ሲሰለቸው ሰው ሁሉ እየራቀ ሄደ፤ የጽዋው ተራ ሲደርስ ግን ማኅበርተኛው ሁሉ መምጣቱ ስለማይቀር ቀናው ወሩን ሙሉ የሚያወራው ስለዚሁ ነበር። ዛሬ ጎረቤት ለምኖ ጢሙን ተላጭቷል፣ ነጭ ሸሚዙንም ለብሷል። ጽዋው የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጨርቅ አስነጥፏታል።

"የታለ?" አላት ገና ስትገባ። አንደበቱ ተይዟልና ቃሉ ከከንፈሩ ጥግ እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

ልትዋሽ አስባ ነበር። "ለልዕልት ሰጧት" አለች። "ቤታችሁ ይሸታል ብለው።"

ቀናው የተነጠፈውን ጨርቅ አየ። "ይሸታል እንዴ?"

"ይሸታል። ለአንተ መድኃኒት የሚገዛውም በዚያው ሽታ ነው።"

ቀናው በደህናው እጁ የሸሚዙን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። ልታግዘው ብትጠጋ ትከሻውን አሸሸባት። አንዱን ቁልፍ ለመፍታት ያን ያህል ሲታገል ቆማ ስታየው፣ ማኅበሩ ቤት ከተሰማት የባሰ ንዴት ያኔ ተሰማት። የሰደቡት እሷን ነው ብላ ነበር። የተሰደበው ግን ተላጭቶ የተቀመጠው ይህ ሰው ነው።

ሊመሻሽ ሲል ልዕልት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ጽዋው እሷ ጋ መምጣቱን ከዚያች ደቂቃ በፊት እንዳላወቀች ማለች፤ እውነቷንም ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጣችበትን ተናገረች።

"እትዬ፣ ሰኞ ማታ ሰው እግሩን ሲሰበስብ በፌስታል አድርጌ አመጣዋለሁ። ጋሽ ቀናው ይሳለመው፣ ሳይነጋ እመልሰዋለሁ። ማንም አያይም።"

"በፌስታል?"

"እንዳይታወቅ ብዬ ነው።"

"ጽዋው የሌባ ዕቃ ነው ልዕልት? ወይስ እኛ ነን ሌቦቹ?"

ልዕልት ወደ ቀናው አየች። ቀናው ደህናውን እጁን አነሳ።

"ይምጣ" አለ። "እንደምንም ይምጣ፣ አሴ።"

አሰጋሽ ልዕልትን እሺም እምቢም ሳትላት ሸኘቻት። ባሏን መቆጣት አማራት። በጨለማ በጓሮ የሚገባ በረከት ምን ሊረባን ነው ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ግን እሱ ከአልጋና ከወንበር ሌላ ምን ቀረውና ነው ለክብሯ ብላ የምትፈርድበት? እምቢ ብትል የምትከለክለው እሱን ነው። እሺ ብትል ደግሞ ቤቴ ርኩስ ነው ብላ በገዛ እጇ መፈረሟ ነው። ሁለቱንም ማድረግ አልሆነላትም፤ እንቅልፍም አልወሰዳት።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቄስ ዘአማኑኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጥድ ሥር አገኘቻቸው። መስቀሉን ተሳለመች፤ ንዴቷ ግን እንዳለ ነው።

"አባ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጽዋው ቤቴ ቢገባ እሱ ነው ቤቴን የሚቀድሰው፣ ወይስ ቤቴ ነው እሱን የሚያረክሰው? የትኛው ነው የሚበልጠው?"

ቄሱ ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ፊቷን አይተው ተዉት። ጋሽ ሳህሌ የጠቀሱት በኦሪቱ እንዳለ አልካዱም፤ ቅዱስ የተለየ ነው፣ ርኩስ የነካውም ይረክሳል። ያው እግዚአብሔር ግን በነቢዩ አፍ ሲናገር ቅዱስነቱ በሕዝቡ መካከል እንደሆነ ነው የነገራቸው እንጂ ከእነሱ ርቄ ነው አላለም። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴትም እንደ ሕጉ ቢሆን ማንንም መንካት አልነበረባትም፤ ሄዳ የጌታን ልብስ ጫፍ ነካች።

"እሱ አልረከሰም" አሉ ቄሱ። "እሷ ዳነች።"

እየተናገሩ ሞቅ አላቸው። ጴጥሮስ ኢዮጴ ሲቀመጥ ያረፈው ቁርበት ፋቂ በሆነው በስምዖን ቤት ነበር አሏት። በድን ስለሚነካ አይሁድ የሚጸየፉት ሰው ነበር፤ እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ ርኩስ አትበለው የሚለው ድምፅ ለሐዋርያው የመጣለት ግን እዚያው ጣራ ላይ ሆኖ ሲጸልይ ነው።

"በፋቂ ቤት?" አለች አሰጋሽ።

"በፋቂ ቤት።"

"ይህን ትናንትም ያውቁት ነበር?"

ቄስ ዘአማኑኤል መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጋሽ ሳህሌ ለማኅበሩ ብዙ የደከሙ ሰው እንደሆኑ፣ እንዲያ ያለ ሰው በሕዝብ ፊት ማረም ማዋረድ እንዳይሆን ፈርተው ዝም እንዳሉ፣ ቆየት ብለው ለብቻቸው ሊነግሯቸው እንዳሰቡ ተናገሩ።

"እኔ የተዋረድኩት በሕዝብ ፊት ነው፣ አባ።"

"ታገሺ ልጄ። ቀስ ብሎ ይስተካከላል።"

"ቀስ እስኪል ቀናው ይሞታል" ብላቸው ተለየቻቸው።

በመንገዷ ሁሉ ከጋሽ ሳህሌ ይልቅ በቄሱ በገነች። ጋሽ ሳህሌስ ያነበቡትን ያህል ነው የተናገሩት። እኚህ ግን ሙሉውን ያውቃሉ። አውቀው ነው ጭራቸውን ያዩት። የጠፋው ሽታ የማይጸየፍ ሰው ሳይሆን፣ ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው።

ሰኞ ዕለት ከኖራው ገንዳ አጠገብ ቆማ የራሰውን ቆዳ ከሴቶቹ ጋር ስትጎትት ዋለች። ክብደቱ ወገብ ይቆርጣል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚጠብቀው አፍ አለው፤ ሽታ ወዶ የገባ የለም። ፈረቃው ሲያልቅ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። አሰጋሽ እጇንና ፊቷን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ ይህን ለጽዋው ብላ ነው። ቱታዋን ግን አልቀየረችም። ነጠላዋን ከሎከሯ አውጥታ ከላይ ጣል አደረገችና ወደ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ልዕልት ቤት ሄደች።

"እትዬ፣ ገና አልመሸም እኮ" አለቻት ልዕልት በሩን ከፍታ።

"አልጠብቅም። አሁን ስጪኝ።"

"ያስወጡሻል። የማኅበር ጽዋ ቀምታ ወሰደች ይሉሻል። እኔስ ጋሽ ሳህሌ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"ተራዋ ነበር፣ መጥታ ወሰደች በያቸው። ውሸት አለበት?"

ልዕልት ቱታውን አየች፣ ቦት ጫማውን አየች። ሽታውም ሳይደርሳት አልቀረም። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ጽዋውን በነጭ ጨርቁ እንደተጠቀለለ ይዛ ወጣች። አሰጋሽ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለች። ምን ብትናደድ ጽዋው ያስፈራል፤ ሥርዓቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታከብረው ኖራለች። ይቅር በለኝ ብላ በልቧ አቦን ተማጸነችና ወጣች።

ከዚያ እስከ ቤቷ በጓሮ የሚያስኬድ ቅያስ አለ፤ ማንም ሳያያት ያደርሳት ነበር። እሷ በዋናው መንገድ ወረደች። ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች አፈጠጡ፤ አንዲት አሮጊት አማተቡ። ሁለት የማኅበሩ ሴቶች ከሱቅ ሲወጡ ተያዩና ባሉበት ቆሙ።

የጋሽ ሳህሌ ወፍጮ ቤት እዚያው መንገድ ዳር ነው። የአሰጋሽ ሐሳብ ቀና ብላ ሳታያቸው ማለፍ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ አይገባቸውም። ጋሽ ሳህሌ በራቸው ላይ ቆመው ከክንዳቸው ዱቄት ሲያራግፉ ነጩን ጨርቅ አዩ። መጀመሪያ ተቆጥተው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ወዲያው ግን እጃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሄደና ቆባቸውን አወለቁ። ጽዋው በማንም እቅፍ ይሁን ቆብ ደፍተው ቆመውለት አያውቁም።

አሰጋሽ ይህን ስታይ ቆመች። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ግን ዝም ብላ ልታልፋቸው አልፈለገችም።

"ጋሽ ሳህሌ" አለች፣ "በሚመጣው አምስት አቦ እኔ ቤት ነው። ቀናው ይጠብቅዎታል፤ ይምጡ።"

ሽማግሌው ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጽዋውን አዩ፣ ቱታዋን አዩ።

"ሽታው ካስቸገረዎት በሩ አጠገብ ቦታ እይዝልዎታለሁ" አለቻቸው።