የኩብራ ፍንጭት

ኩብራ ሁለቱን የላይኛ የፊት ጥርሶቿን ያጣችው ጭሮ ቁልቁለቱ ላይ ባጃጅ ተገልብጦባት ነው። ነፍሷ በመትረፏ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ሰው ፊት መሳቅ ተወች።

ልጇ ኢንሳፍ የምትሠራው ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ ወስዳ ጥርስ ታስተክላት ጀመር። ሐኪሙ ድዷ ውስጥ እንደ ብሎን ያሉ ብረቶች ቀብሮ፣ አጥንቱ ጨምድዶ እስኪይዛቸው ወራት ጠብቁ አላቸው። ዛሬ የጥርሶቹን ልክ ሊወስድ ቀጥሯት፣ ኩብራ በጠዋት ሚኒባስ ሂርናን አልፋ ደረሰች።

"እንግዲህ እማማ፣" አለ ሐኪሙ፣ "ግጥም አድርጌ ነው የምሠራልዎት። ክር አያሳልፍም!"

"ኧረ እንዳትገጥመው ልጄ! መሀሉን ክፍት ተውልኝ። ፍንጭት ነበርኩ እኮ።"

ኢንሳፍ ከጀርባ ጮኸች። "ኡሚ፣ አቦ! ሰው ፍንጭቱን ሊያዘጋ ይሰለፋል፣ አንቺ ታስከፍቺያለሽ?"

እሷም የእናቷን ፍንጭት ወርሳ፣ መሥሪያ ቤት አፍራበት፣ እዚሁ ሐኪም ጋ በሽቦ ልታዘጋው ቀጠሮ ይዛለች።

ኩብራ ምን ብላ ታስረዳቸው? ልጅ ሆና ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን በክሪ የሚባል ነጋዴ በመስኮት ወተት ሲቀበላት ግማሹን ራሱ ላይ ደፋው። ሳቀችበት። ስሟን ሳይጠይቅ ባቡሩ ይዞት ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ወረደና "ያቺ ፍንጭቷ የት አለች?" እያለ ጣቢያውን አመሰው። ተጋቡ። እስኪሞት ድረስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ቀን ኩብራ ብሎ አልጠራትም። ከመንገድ ደክሞት ሲገባ "ፍንጭቴ፣ እስቲ ሳቂና ልረፍ" ነበር የሚላት።

"ፎቶ አለዎት?" አለ ሐኪሙ። "ክፍተቱን ልየው።"

የሠርጓን ፎቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ሙሽራይቱ ለምስክርነት የተጠራች ይመስል አፏን ገጥማ ቆማለች። የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺ "አትሳቂ፣ ይበላሻል" ይል ነበር። ሌላውም ፎቶ ሁሉ እንዲያው ነው።

"በግምት ብከፍተው የተገነጠለ በር ነው የሚመስለው" አለ ሐኪሙ እያዘነ።

"በቃ ግጠመው። ጀነት ውስጥስ አላህ ያስተካክለዋል። እኔን የቸገረኝ መስታወት ሳይ ራሴን ማጣቴ ነው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኢንሳፍ አየቻት። እናቷ ስትለምን እንጂ ስትተው አይታት አታውቅም። ሄዳ ሌላው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ዶክተር፣ የኔን ለካው።"

"የሽቦሽ ቀጠሮስ?"

"መጀመሪያ የኡሚን ጨርስ። አባ 'ሁለት ፍንጭት ቤቴ አለ' ይል ነበር፤ ልኩ አንድ ነው።"

ሐኪሙ ሁለቱን አፎች አየ፣ የድዱን ስፋት አስተያየ፣ ሳቀ። "ቅርጹም ክፍተቱም ካንቺ ይወሰዳል" ብሎ ሊጥ የመሰለውን የልክ መውሰጃ ነገር ኢንሳፍ አፍ ውስጥ ሞላው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ መናገር አቃታት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እንኳ ቃል አትመልሺልኝም" አለች ኩብራ። ወንበሯን አስጠጋችና፣ ባቡሩ ገና ሳይታይ ሀዲዱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ከመጀመሪያው ትነግራት ጀመር።