ሦስት ጊዜ፣ ሙሉውን

«የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ከባድ ማስታወቂያ እናስተላልፋለን። ባለፈው ቅዳሜ ከሞላሌ ገበያ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ አንድ አርሶ አደር የቀኝ እግር ቦቲ ጫማቸው ከአህያ ጭነት ላይ ወድቆ ጠፍቶባቸዋል። ጫማው ጥቁር ሲሆን ተረከዙ በቀይ ላስቲክ ተለጥፏል። የግራው በሕይወት አለ። ያገኘ ሰው ለጣቢያችን እንዲያስረክብ ባለቤቱ በታላቅ ትሕትና ይማጸናሉ።»

ሲሀም ይህን ያነበበችው በዋሽንት ታጅባ፣ መንግሥት ተገለበጠ በሚባልበት ድምፅ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የደጋው ድምፅ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ሁሉንም ነገር የሚናገረው እንደዚያ ነበር፤ የጠፋ በቅሎም ይሁን የክትባት ቀን፣ የማዳበሪያ መምጣትም ይሁን የማዳበሪያ አለመምጣት። ከእህል መጋዘን ጀርባ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ጣቢያ ቢሆንም እስከ ጓሳ ጫፍ ይሰማል። የሚሰሙት ሰዎች ደግሞ ሬዲዮ ያለውን አምነው የሚነሱ ናቸው። ያን ሰኞ ጠዋት ችግር የመጣውም ከዚሁ ነው።

ከጫማው ቀጥሎ ተራው የወሰንየለሽ ዘፈን ነበር።

ወሰንየለሽ የሞላሌ ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ የመንዝን ሙሾ በኦፔራ ድምፅ፣ በሃያ ቫዮሊን ታጅባ ዘፍና አራተኛ ወጥታለች። ዜማውን የተማረችው ከአክስቷ ከኮከቤ ነው፤ ኮከቤ የአገሩን ሟች ሁሉ ስታስለቅስ የኖረች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ኦፔራውን የጨመረችበት አዲስ አበባ ሙዚቃ ስትማር ነው። ዳኞቹ አለቀሱ። አንደኛው ብድግ ብሎ «የዓለም መድረክ ይጠብቅሻል!» አላት። የዓለም መድረክ እስካሁን እየጠበቀ ነው።

የአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞች ግን አልጠበቋትም። አንዱ «ለባህላዊ ቫዮሊኑ በዛ» አላት፤ ሌላው «ለዘመናዊ ሐዘኑ በዛ»። ሦስተኛው ቅን ሰው ስለነበረ እውነቱን ነገራት። «እህቴ፣ የእኛ አድማጭ ታክሲ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ብናጫውት ተሳፋሪው መውረጃውን ይረሳል።»

የቀራት አንድ በር ነው። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሙሉ አልበም ሊያወጣላት ፈቅዶ አንድ ነገር ጠይቋታል፤ የትም ያለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዘፈኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ሙሉውን፣ ማስተላለፉን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። የመጨረሻው ቀን ዐርብ ነው፤ ዘፈኑን ለደጋው ድምፅ የላከችውም ለዚህ ነው። ዐርብ ካለፈ ለእናቷ ቃል በገባችው መሠረት ዓለም ከተማ ወርዳ ዘመዷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ዘፈን የሚባል ነገርም አታነሳም።

ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ነው። መጀመሪያው ላይ ቫዮሊን የለም። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ከማዶ ሆና ሰው እንደምትጣራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘረጋዋለች። ሲሀም በአራተኛው ደቂቃ ላይ ለክትባት ማስታወቂያ ስትል ቆረጠችው። ለአገሩ ግን አራት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነበር። ሞላሌ ውስጥ ሚዛን የያዘ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ጓሳ ጠርዝ ላይ ሣር ሊጭኑ የወጡ ሰዎች ጭነቱን አራግፈው ፈረሱን ኮረቻ ጫኑት። በዚህ አገር ሙሾ ሲሰማ ማን ሞተ አይባልም። ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ይኬዳል። የሚጠየቀው ከተደረሰ በኋላ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ የጣቢያው ግቢ ውስጥ አርባ ሰው ነበር። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢያድግልኝ፣ ቅጽ ሲሞሉ ካልሆነ በስተቀር ፊታቸው የማይፈታ ሰው፣ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው ከጓሳ በፈረስ የመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ወንዳፈራሁ።

«አሜን» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ከልማድ።

በዚህች አንዲት ቃል ሐዘንተኛ ሆኑ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ከበቧቸው።

«ቆይ! ቆይ እንጂ! ምንድነው? ማንም አልሞተም!»

«ድንጋጤው ነው» አለች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ። «መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የእኔም ወንድም ሚስቱ ስትሞት እስከ ቀብር ድረስ አልሞተችም ሲል ነበር።»

«እናቴ፣ ዘፈን ነው! ዘፈን ነው ያጫወትነው!»

ሴትዮዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀረብ አለች።

«ሁለት ገደል እያለቀስኩ ነው የተሻገርኩት» አለች። «ለማን ነው ያለቀስኩት?»

አቶ ቢያድግልኝ ሲሀምን አዩ። ሲሀም መሬት መሬቱን አየች።

«የሞተ ሳይኖር ሰው ማስለቀስ ነውር ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ። «ያመጣነውን ንፍሮ ግን ይዘነው አንመለስም። አስቀምጡን።»

ተቀመጡ። አርባ ሰው፣ ማንም ያልሞተበት ግቢ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያወራ ንፍሮውን በልቶ ተበተነ።

ማክሰኞ ስብሰባ ሆነ። የጣቢያው የዘፈን ቅጽ ሦስት ሣጥን አለው፤ መንፈሳዊ፣ ባህላዊ፣ ዘመናዊ። ሲሀም ሰኞ ዕለት ሦስቱንም ባዶ ትታው ስለነበር አቶ ቢያድግልኝ ጉዳዩን ወደ ሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ መሩት።

የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ የሙዚቃ ክፍሉም በሙሉ እሳቸው ናቸው። ዜማ ቤት ነው ያደጉት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው አያውቁም፤ ዲስክ ያቀብላሉ፣ ይሄዳሉ። ባለቤታቸው ካሳነሽ ከአምስት ዓመት በፊት በኮሮናው ጊዜ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደው እዚያው አረፉ። ለቅሶ የተከለከለበት ሰሞን ነበርና አፋቸውን የሸፈኑ አራት ሰዎች ቀበሯቸው። ሞላሌ ላይ ድንኳን አልተተከለም፣ ሙሾ አልወረደም። ጋሽ ወልደ ጻድቅ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገቡ። በኋላ ክልከላው ተነስቶ ሰው «አሁን እንኳ እንቀመጥ» ሲላቸው «አልፏል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያነሳባቸው የለም።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ሰባቱንም ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጨርሰውም ማዳመጫውን አወለቁ።

«ዜማው አልተበላሸም» አሉ። «ልጅቱ ታውቃለች።»

«ደስ ይላል» አሉ አቶ ቢያድግልኝ ብዕራቸውን አንስተው። «ሣጥኑ የትኛው ነው?»

«የትኛውም አይደለም። ይሄ ዘፈን አይደለም፤ ለቅሶ ነው።»

«የለቅሶ ሣጥን የለንም እኮ፣ ጋሽ ወልዴ።»

«እንግዲያው፣ የሞተ ሰው በሌለበት እንዳይተላለፍ ብለው ይጻፉ።»

አቶ ቢያድግልኝ ጻፉት። መመሪያ ሲወለድ ማየት ደስ ይላቸዋል።

«ማለት» አለች ሲሀም፣ «እስከ ዐርብ ሰው እንዲሞት እንጸልያለን ማለት ነው?»

«ሲሀም!»

«አይ፣ መመሪያው እንዲገባኝ ብዬ ነው።»

ረቡዕ ወሰንየለሽ ራሷ መጣች። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጀርባቸውን ሰጥተው ዲስክ ይደረድሩ ነበር።

«ጋሽ ወልዴ፣ የሰኞው ሙሉ ስላልሆነ አይቆጠርልኝም። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«የአዲስ አበባዎቹ አላወቁትምና አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ያውቁታል።»

«ስለማውቀው ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ማን ይሙትልኝ?»

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ዞሩ። ይቆጧታል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም።

«ኮከቤ ሙሾ ከማውረዷ በፊት የምትጠይቀው ምን ነበር?»

«ስም» አለች ወሰንየለሽ። «የሟቹን ስም። ካልነገሯት አፏን አትከፍትም።»

«አንቺ ቴሌቪዥኑ ላይ ለማን ነው ያወረድሽው?»

ብዙ ልትል ትችል ነበር። ለጥበብ፣ ለአገር፣ ለባህል፤ እንዲህ ያለው መልስ ቴሌቪዥን ላይ ሲጠይቋት ሞልቶ ተርፏታል። እዚያች ዲስክ የሞላባት ክፍል ውስጥ ግን አልመጣላትም።

«ለዳኞቹ» አለች።

«በይ ሂጂ፣ ልጄ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ ካሳነሽ ያረፉ ጊዜ፣ ክልከላው የተነሳ ሰሞን፣ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳምንት ሙሉ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወልደ ጻድቅ ይጠራኛል እያለች። ግቢ፣ ብርድ ነው ስንላት እንቢ አለች። ይኸው፣ ሳይጠሯት እሷም አረፈች።»

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ወደ ዲስኮቻቸው ዞረዋል። አንዱን ዲስክ ካለበት አውጥተው መልሰው እዚያው አስገቡት።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ሲሀም ስለ ጫማው የደረሰውን አዲስ ነገር አነበበች። ቦቲ ጫማ ተገኝቷል፤ ነገር ግን የግራ እግር በመሆኑ ባለቤቱ አሁን ሁለት ግራ ይዘው ፍለጋውን ቀጥለዋል። ቀጥሎ የዶሮ እርባታ ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያው ወረቀታቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። በእሳቸው በኩል አልፈው ጋሽ ወልደ ጻድቅ ገቡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዋሽንቱን አስጠፉ፤ ሲሀም ከወንበሩ ተነሳችላቸው። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያም ጓሳ ድረስ ተሰማ።

«ካሳነሽ አርፋለች» አሉ። «የሞላሌዋ ካሳነሽ፣ የወልደ ጻድቅ ባለቤት። ለቅሶው ዛሬ ነው።»

ከዚያ ዘፈኑን አስነሱት። ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሲያልቅ፣ እንደገና። ማንም አልቆረጠውም። ሲሀም በሩን ተደግፋ ቆመች፤ የዶሮ ባለሙያው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተጠጉ።

ሦስተኛው ሳያልቅ መንገዱ በሰው ነጥቶ ነበር። ሲሀም ሰው ይስቃል፣ ወይም «አምስት ዓመት ሆኗት የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም ብላ ፈርታ ነበር። አንድም አልተገኘም። ለቅሶው ዛሬ ነው ተብሏል፤ ዛሬ ተመጣ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ግቢው መሐል ቆመው ተቀበሏቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲሏቸው «አሜን» ይላሉ። ይሄኛው አሜን ከልማድ አልነበረም።

ሰኞ ሁለት ገደል ተሻግራ የመጣችዋ ሴት ረፋዱ ላይ ደግማ ተሻግራ ደረሰች። «ካሳነሽዬ፣ እህቴ!» ብላ አልቅሳ ስትጨርስ ወደ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጠጋ አለች።

«የሰኞውም ለእሷ ይሁንልኝ» አለቻቸው። «ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር እንጂ አልቅሼላት ነበር።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ።

ወሰንየለሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ኋላ ገባች። ሬዲዮው አሁን የጠዋቱን የዶሮ ፕሮግራም ይደግም ነበር፤ አንድ ሰው አጠፋው። ለቅሶው ደከም ሲል ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ማንም አልለመናትም። ኮከቤን ያዩዋት በነበረው ዓይን ነው ያዩዋት። ድምፅዋን አወጣች፤ ያው ዜማ ነው፣ ያው ከማዶ የሚጣራ ድምፅ። ቫዮሊን የለም። ዘፈኑ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ግን ገባበት፤ «ካሳነሽ» የሚል ስም። ስሙ ሲጠራ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አቶ ወንዳፈራሁ ክንዳቸውን ያዙላቸው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቋቸውም።

ዐርብ ጠዋት አቶ ቢያድግልኝ ማኅተሙን ደብዳቤው ላይ አሳረፉ፤ ሦስት ጊዜ፣ ሙሉውን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። አሳታሚው በአንድ ጠዋት አይሆንም አላለም። ወሰንየለሽ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሳያመልጣት ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። በመስኮቱ ስታልፍ ጋሽ ወልደ ጻድቅን አየቻቸው፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች፤ እሳቸውም ነሱ።

ቅጹ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

«ጋሽ ወልዴ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ነፍስ ይማር። መመሪያውም አልተጣሰም፤ የሞተ ሰው አለ። ግን ለበላይ አካል የምልከው ወረቀት ነው። የዶሮ እርባታው ሃያ አንድ ደቂቃ ለምን ተወሰደበት ይላል። ሣጥኑ የትኛው ነው ይላል። አምስት ዓመት ተቆይቶ ለምን ሐሙስ ሆነ ቢሉኝስ? ለልጅቱ ብለው ነው? ወይስ ለእትዬ ካሳነሽ? አንዱን ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ።»

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ብዕሩን ተቀበሉ። ስማቸውን ጻፉ፣ ከሥሩ ፈረሙ፣ ቅጹን መልሰው ገፉት።

«ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው እኮ፣ ጋሽ ወልዴ።»

«አላስረዳም» አሉ።