የቪዮልፃ ወረቀት

በጂሮካስተር ከተማ ዳገት ላይ ሳኒዬና ቪዮልፃ በአንድ ግድግዳ ተያይዘው ይኖራሉ። ሁለቱም ለመንገደኛ ክፍል ያከራያሉ። የሳኒዬ አልጋ ይሻላል፤ ከበረንዳዋ ላይ ሸለቆው ሁሉ ይታያል። እንግዳው ግን የሚያንኳኳው የቪዮልፃን በር ነው። ምክንያቱ አንዲት ወረቀት ናት። ቪዮልፃ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ማወቅ ያለበትን ጽፋ ለመጣው ሁሉ ትሰጣለች፤ እነሱም አገራቸው ሲገቡ ለወዳጆቻቸው ያሳያሉ።

ምን ቢጻፍባት ነው እያለች ሳኒዬ ሁለት በጋ ሙሉ አንጀቷ አረረ። ቪዮልፃን መጠየቅ ደግሞ ሞቷ ነው።

አንድ ቀን ብላንካ የምትባል የቼክ አገር ጡረተኛ፣ የቪዮልፃ እንግዳ፣ ሳኒዬን ደጃፏ ላይ አግኝታ ሰላም አለቻት። ሳኒዬ ከቴሌቪዥን የለቀመችው ጣልያንኛ ነበራት፤ ብላንካም ትሞክራለች።

«ነገ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ሳራንዳ እሄዳለሁ። ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው አሉ፤ ይቺ ወረቀት ግን አንድ ተኩል ላይ ድረሱ ትላለች። እውነት ነው?»

«እስቲ ልያት» አለች ሳኒዬ፣ እጇ እየተቻኮለ፤ ተቀብላም አነበበች።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ መንደር ውስጥ ካርድ አይሠራም። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ እሺ ማለቱ ነው። ራኪ የሚባለው አረቄ ሲቀዳላችሁ እምቢ አትበሉ፤ ከንፈራችሁን ብቻ አስነኩት፣ መለኪያው ሙሉ እስካለ ማንም አይጨምርላችሁም።

ሳኒዬ ደሟ ፈላ። የራኪውን ምክር ቃል በቃል የተናገረችው እሷ ነበረች፣ በቪዮልፃ ልጅ ሰርግ ላይ።

«ቪዮልፃ ሰው ማዋከብ ትወዳለች» አለች ወረቀቱን እየመለሰች። «ተረጋግተው ቁርስዎን ይብሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ቢደርሱ ይበቃዎታል።»

ሚኒባሱ ከሞላ ሰዓቱን እንደማይጠብቅ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ብላንካ ሻንጣዋን በድንጋዩ መንገድ ላይ እያንገጫገጨች ተመለሰች። ሳኒዬ በመጋረጃዋ ስንጥቅ አየቻት። ምናልባት ወደ እኔ ትመጣ ይሆናል ብላ አንሶላ ቀይራ ነበር። ብላንካ ግን አልፋት ሄደችና የቪዮልፃን በር አንኳኳች። ጥቂት ቆይቶ የሁለቱ ሳቅ በግድግዳው በኩል ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ቪዮልፃ ወደ ሳኒዬ ግቢ መጣች።

«ሴትዮዋን ሁለት ሰዓት ያልሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረገችሽ?»

«እሷ ምንም። የራኪውን ነገር ከማን ሰማሽው?»

ቪዮልፃ ትንሽ አሰበች። «ካንቺ። በልጄ በአርታን ሰርግ።»

«ታዲያ ስሜ የታለ?»

«ስምሽን ልጻፍልሽና እንግዶቼን ልስጥሽ? ያንቺን በረንዳ ያየ ሰው የኔን ጨለማ ክፍል ምን ብሎ ይይዛል? እኔ ያለችኝ ያቺ ወረቀት ብቻ ናት፣ አንቺ ሴት።»

ቪዮልፃ የሳኒዬን በረንዳ እያየች ስትብሰለሰል ኖራለች ማለት ነው። ሳኒዬ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች።

በነጋታው ብላንካን ራሷ አንድ ሰዓት ላይ ይዛት ወደ ሚኒባሱ ወረደች። ሻንጣዋን ጫነችላት፣ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጠቻት፣ ዋሽቼዎት ነበር ብላም ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ሳራንዳ ላይ ዋጋ ያልተጻፈበት ምግብ ቤት እንዳይቀመጡ። ዓሣ ካማረዎት ደግሞ መቼ እንደተጠመደ አስቀድመው ይጠይቁ።»

ብላንካ እስክሪብቶ አውጥታ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈች።

«ይህን ግን» አለች ሳኒዬ፣ «ለቪዮልፃ እንዳይነግሩብኝ።»