አምስቱ ጣውንቶች

"ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ! ኧረ አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወድቀሽ ጉድ እንዳታደርጊኝ!"

"እማዬ፣ ወንበሩን ያዢልኝ እንጂ አታስፈራሪኝ" አለች ልጅቷ፣ በጥርሷ የያዘችውን ካቻቪቴ አውጥታ። የመጨረሻውን ስፒከር ከሶፋው በስተኋላ ግድግዳው ላይ እያሰረች ነበር።

እናት እነዚህን ስፒከሮች ወደ አዲሱ ጠባብ ቤት ይዛ መምጣት አልፈለገችም። ልጇን ላለማስቀየም ነው ይዛቸው የመጣችው። "ጣውንቶቼ" ነው የምትላቸው። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከኋላ፤ አምስት ጣውንት። ባሏ "ደከመኝ" ብሎ የጭነት መኪና መንዳቱን ድንገት ከተወ ወዲህ ውሎው ከእነሱ ጋር ነበር። እሷ እንደ ልማዷ በኩሽናው በኩል፣ በግራው ተቀምጣ ስለ ጎረቤቱም ስለ ጉልበቷም ስታወራው አንድ ቃል አይመልስም። መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ አኮረፈች። በመጨረሻ እሷም ማውራቱን ተወችው። እንዲሁ ዝም እንደተባባሉ አንድ ቀን ልቡ ቆመ።

ለቀስተኛው ሁሉ "ምን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ ሰው!" እያለ አለቀሰ። እሷ ግን ያን ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ከልቧ አልወጣላትም። እኔን ብቻ የዘጋኝ ምን በድዬው ነው?

"በይ፣ እዚህ መሃል ተቀመጪ" አለች ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ። "ድምፁ ከአምስቱም እኩል የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው። በገመድ ለክቼዋለሁ።"

"አባትሽን ቁርጥ! እሱም ሲለካ ሲመትር ነበር የሚውለው።"

ዘፈኑ ተጀመረ። እናት ፊቷን አጨማደደች።

"ይሄ ነው እኩል? የግራው ይጮኽብኛል፤ የቀኙ ያኮረፈ ነው የሚመስለው።"

ልጅቷ ገመዶቹን ነቅላ መልሳ ሰካች። ያው ነው። የግራና የቀኙን ስፒከሮች አቀያየረች፤ አሁንም በግራ በኩል ይጮኻል። ግራ ቢገባት ሪሞቱን አንስታ የአምፕሊፋየሩን ማስተካከያ ከፈተች። በትንሿ ስክሪን ላይ የወጡትን ቁጥሮች አፍጥጣ አየች።

"ምነው? ተቃጠለ?"

"አልተቃጠለም። የግራዎቹ እስከ ጥግ ተከፍተዋል፣ የቀኞቹ ዝቅ ተደርገዋል። ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ማን ነው የነካው?"

"ከአባትሽ በቀር ማን ደፍሮ ይነካል? እኔማ አቧራ ስጠርግ እንኳ በጎሪጥ ነበር የሚያየኝ።"

ልጅቷ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ... አባዬ በግራ ጆሮው ይሰማ ነበር?"

"እንዴት አይሰማም! አንቺ ስትመጪ ስትሳሳቁ አልነበር እንዴ የምታመሹት?"

"እኔ የምቀመጠው በቀኙ ነበር።"

ለእናት ነገሩ አንድ በአንድ ትዝ ይላት ጀመር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የግራውን መስኮት ከፍቶ ነው። ነፋሱም የሞተሩም ጩኸት የሚገባው በዚያ ጆሮው ነው። "ደከመኝ" ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ያስረከበውም፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሐኪም ጋ ታይቶ በመጣ ማግስት ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳለው እሷ አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም።

"ምናለ ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ?" አለች።

"'ደንቆሮው' እያልሽ ትቀልጂበታለሻ!"

ልጅቷ ለማሳቅ ያህል ነበር ያለችው። እናት ግን አልሳቀችም።

"አዎ" አለች ቀስ ብላ። "ቢነግረኝ እቀልድበት ነበር።"

ዘፈኑ አሁንም ወደ ግራ እንዳጋደለ ይፈስሳል። እናት መዳፏን አንስታ የግራ ጆሮዋን ከደነችው። ያን ጊዜ ድምፁ ተቃና። ሲጮኽባት የነበረው ረገበ፣ ያኮረፈ የመሰላት ቀረብ አለ፣ ዘፋኙም መሃል ላይ ከፊቷ የቆመ መሰለ። ባሏ ሲሰማው የነበረው ይህንን ነው። እሷ በዚህ በከደነችው በኩል ነው ስታወራው የኖረችው።

ልጅቷ ሪሞቱን እንደያዘች ጠበቀቻት።

"እማዬ፣ እኩል ላድርገው?"

"ቆይ፣ ዘፈኑ ይለቅ።"

ዘፈኑ አለቀ። እናት እጇን ከጆሮዋ ላይ አወረደችና ዓይኗን ጠረገች።

"አሁን አስተካክይው" አለች። "እኔ በሁለቱም እሰማለሁ።"