ካሬው የሰርግ ፎቶ

ያንን ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ያየ ሰው፣ ዘሃራ የምትባለው ሴት ግማሽ ሆና የተፈጠረች ሊመስለው ይችላል። በአንዱ ፎቶ ትከሻዋ አለ፣ ፊቷ የለም። በሌላው ጆሮዋና የሻሿ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። የዒዱ ፎቶ ላይማ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ትሪ የያዘ እጅ ብቻ ከዳር ብቅ ብሏል። የማን እጅ እንደሆነ ለእንግዳ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሴትዮዋ ፎቶ ጠልታ አይደለም። ከወሎ ቁሓ መጥታ፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገች ናት። ሰው ሲበላ እሷ ታቀርባለች፣ ሰው ፎቶ ሲነሳ እሷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከሁሉም በኋላ ትመጣና ዳር ትቆማለች። «እንግዳ ይቅደም» ትላለች። ፎቶ አንሺው ደግሞ ሰዉን ከጥግ እስከ ጥግ ጠቅጥቆ ያነሳል። የካሜራው ፎቶ ረጅም፣ ከገበያ የሚገዛው ፍሬም አጭር! ስለዚህ ሲታተም ዳርና ዳሩ ይከረከማል። የሚከረከመው ማን ይሁን እንግዲህ? ዘሃራ ናታ!

ታናሽ ልጇ ረምላን ይሄ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያንገበግባት ኖሯል። ሮማናት አደባባይ አካባቢ ካለው የሽማግሌው የኣያ ገብረተንሳኤ ፎቶ ቤት ገብታ ሙያውን የተማረችውም በዚሁ እልህ ነው ብል አልዋሸሁም። እናቷ ግን ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ረምላም፣ እማ እኮ ልብ ብላም አላየችው ብላ ደምድማ ነበር።

ታላቅ እህቷ ዓፊፋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋዋ፣ የኮምቦልቻውን ዛሂድን ልታገባ ሆነ። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ኑሮዋ ኮምቦልቻ ነው። ይዛው የምትሄደውን ፍሬም ራሷ መርጣ ገዛች፤ ዙሪያው ወርቅማ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ካሬ ነው። ረምላ እጅ ላይ አስቀመጠችና «ስሚኝ፣ ኮምቦልቻ ሄጄ የእማን ጆሮ ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። ሙሉዋን ስጪኝ» አለቻት።

«ወላሂ እሰጥሻለሁ» አለች ረምላ። ማለት ቀላል ነው።

ኣያ ገብረተንሳኤ ለሰርጉ ካሜራውን ሲያውሳት የሰጣት ምክር አንድ ነበር። «ጓለይ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ፍሬሙን አስቢ፣ ከዚያ ሰዉን አቁሚ። ሰው ካቆምሽ በኋላ ፍሬም ብትፈልጊ ሰው ትቆርጫለሽ።»

የሰርጉ ዕለት የሙሽራው መኪኖች በር ላይ ጥሩንባቸውን እያስጮኹ፣ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል፣ የቤተሰብ ፎቶ ተባለ። አጎታቸው አብዱልወዱድ ወዲያው ወንበር አስመጥቶ ድንኳኑ መሐል ጉብ አለ። የሟች አባታቸው ወንድም ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሰርጉንም ወጪ በጫንቃው የተሸከመ ሰው። ክፉ አይደለም፤ ግን መሐል ካልተቀመጠ ፎቶ የተነሳ አይመስለውም። ዘመድ ሁሉ ግራና ቀኙን ተሰለፈ። ዘሃራ ጭልፋዋን እንደያዘች ከሁሉም በኋላ መጣችና በቀኝ በኩል፣ የድንኳኑ ምሰሶ ጋ፣ ዳር ቆመች።

ረምላ ለአልበሙ ረጅሙን ፎቶ አነሳች። ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ የካሜራውን የቅርጽ ምርጫ ከፍታ ወደ ካሬ ቀየረችው። እስክሪኑ ግራና ቀኙ ጠቆረ፤ መሐል ላይ እኩል የሆነች ሳጥን ብቻ ቀረች። በሳጥኗ ውስጥ አብዱልወዱድ ተንሰራፍቷል፤ ሙሽሮቹ ከጎኑ አሉ። ዘሃራ የለችም፣ ጭልፋዋም የለ። ይሄን ረጅም ሰልፍ ሁሉ ለማስገባት ወደ ኋላ ብትሄድ ደግሞ የሰዉ ፊት ጥሬ ያክላል።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! የፊቶቹ ተቀመጡ፣ የኋላዎቹ ቁሙ! እማ፣ አንቺ ወደ መሐል ነይ!»

አብዱልወዱድ ብድግ ብሎ መጥቶ እስክሪኑን አየና «ይሄ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው? ተበላሽቷል እንዴ? ይሄን የሚያህል ዘመድ በዚህች ቀዳዳ ልታሳልፊው ነው?» አላት።

«ፍሬሙ ካሬ ነው አጎቴ። አሁን ካልጠበበ በኋላ በመቀስ ይጠባል።»

እያጉረመረመ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ሰዉ ተጠጋ፣ ተደራረበ። ዘሃራን አንዷ አክስት ጎትታ መሐል አስገባቻት። ረምላ ዓይኗን ካሜራው ላይ እስክታደርግ ድረስ ግን ሴትዮዋ ሾልካ ምሰሶዋ ጋ ተመልሳለች። እንደገና አስገቧት። «ኧረ የዛሂድ እናት አልታዩም፣ እሳቸው ይቅደሙ» ብላ እንደገና ወጣች። ውጭ ያሉት መኪኖች ጥሩንባውን አቀለጡት። ዛሂድ ሰዓቱን አየ።

የረምላ ደም ፈላ። እናቷን መጎተት እንደማያዋጣ ገባት። ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ከመሐል ስትሸሽ የኖረች ናት፣ ዛሬ በጥሩንባ ጥድፊያ አትመለስም። እንግዲያውስ መሐሉ ራሱ ወደ እሷ ይሂድ! ረምላ የካሜራውን ማቆሚያ ከነእግሩ ብድግ አደረገችና ምሰሶው ፊት ለፊት ሄዳ ተከለችው። ሳጥኗ መሐል ላይ ዘሃራ ጭልፋዋን ይዛ ብቻዋን ቆማለች። የዘመዱ ግማሽ ውጭ ቀረ፣ አብዱልወዱድም ከነወንበሩ።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ ልጅ?» ብሎ ጮኸ።

«ፎቶ እያነሳሁ ነው፤ መታየት የሚፈልግ ይምጣ።»

ረምላ ማቆሚያውን እንደያዘች ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ዓፊፋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሰዉን ሁሉ አቋርጣ፣ ከምሰሶው ወዲያ በእናቷ በሌላው ጎን ሄዳ ቆመች። ሙሽራ ሄዳ ማን ይቀራል? ዛሂድ ተከተላት፣ እናቱ ተከተሉ፣ ሚዜዎቹ ተግተልትለው ሄዱ። ምሰሶው ሥር የነበረው የውሃ በርሜል ተገፋ፣ ልጆች መሬት ላይ ተኮለኮሉ። ዘሃራ ልትሸሽ ብትል ግራም ሰው፣ ቀኝም ሰው፣ ከኋላም ሰው ሆነባት። «ኧረ ምን ጉድ ነው!» እያለች ጭልፋዋን ከጀርባዋ ደበቀች።

አብዱልወዱድ ብቻውን ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሳና እየተንጎራደደ መጥቶ ባገኘው ቦታ፣ ጥግ ላይ፣ ተለጠፈ።

«ገባሁ ወይ?» አለ አንገቱን እያሰገገ።

ረምላ እስክሪኑን አየች። አንድ ጆሮ፣ አንድ ትከሻ፣ ግማሽ ጺም። እውነቱን ለመናገር ልቧ ቅቤ ጠጣ። እሰይ፣ ይቅመሳት!

«ግማሽዎ ገብቷል አጎቴ፤ ይበቃል» አለችና ጣቷን ማንሻው ላይ አሳረፈች።

«ረምላ» አለች ዘሃራ።

እናቷ ሰው ፊት ስሟን እንዲህ ቆጣ ብላ ጠርታት አታውቅም። ረምላ ቀና አለች።

«አጎትሽን አስገቢ። ተቆርጦ መቅረት እንዴት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

አብዱልወዱድ አንገቱን ደፋ። ዓፊፋ የእናቷን ክንድ ያዘች። ረምላ እስክሪኑ በእንባዋ ደበዘዘባት፤ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፣ ማቆሚያውን አነሳችና ሁሉም እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች።