የዘጠነኛው ፎቅ ተከራይ

የባንኩ ገማች የሜትሩን ጫፍ እንድትይዝለት ሲጠይቃት ፀጉር ሠሪዋ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ያዘችለት። ሜትሩን ቀለም ነካው። ወንበሩ ላይ ፀጉሯን ቀለም የተቀባች ደንበኛ ተቀምጣለች። የፀጉር ሠሪዋ ባል ታክሲውን ደጅ አቁሞ በሩን ተደግፏል።

«ብድሩ ለምን ነው?» አለ ገማቹ እየጻፈ።

«ውጭ አገር ለገዛነው አፓርታማ።»

«የባለቤትነት ማስረጃውን አያይዛችኋል?»

«አደራ አያይዘናል» አለ ባሏ።

ገማቹ ቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ቀና ብሎ አየው። ማንም አልሳቀም።

አፓርታማው በታናሽ ወንድሟ ስም ነው። የዚያ አገር ባንክ እዚያ ለማይኖር ሰው አያበድርም፤ ወንድሟ ግን እዚያ ነዋሪ ነው፣ ደመወዝተኛ ነው። እነሱ ቅድመ ክፍያውን ከፈሉ፣ እሱ ቀሪውን ተበደረ። ወርሃዊው ክፍያ ከኪራይ ይሸፈናል፣ የጎደለውን እነሱ ይሞላሉ ተባለ። ያኔ ባሏ በጽሑፍ እናድርገው ቢላት ለቀናት አኮረፈችው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችውን ልጅ ፈርምልኝ ልትለው? በስልክ አደራ አለችው፤ እሱም ምን ነካሽ እታለም አላት። ውላቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚያ የብድሩ ወለድ ጨመረ፣ እዚህ የገንዘቡ ዋጋ ወረደ። ተከራዩም አስቸገረ፤ አንድ ወር ከፍሎ ሁለት ወር ይዘላል። ስለዚህ ተከራይ ከወንድሟ ብዙ ሰምታለች፦ ሥራ ያጣ፣ ልጆች ያሉት፣ ሕጉ በቀላሉ የማያስወጣው። አንዳንዴ አዝናለታለች። አሁን ውዝፉ በወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ የዚያ አገር ባንክ ቤቱን ይሸጠዋል። ፀጉር ቤቷን የምታስይዘው ለዚህ ነው።

ስልኳ ጠራ፤ ጓንቷን አውልቃ አነሣችው። ወንድሟ ነው፣ በቪዲዮ። እንደወትሮው ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ብቻ ይታያል።

«እታለም፣ ሰውየው መጣ?»

«እየለካ ነው።»

ድምፁ ተቆራረጠ። ኔትወርኩን እያማረረ ተነሣና ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከትከሻው በላይ የውሃ ማማ ታየ፤ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ቀለበት የተቀባ፣ ከጎኑ ሁለት ጭስ ማውጫ ያለው።

ፀጉር ሠሪዋ ከስልኩ ወደ መስታወቱ ዞረች። ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው ጥጉ ላይ የለጠፈችው ፎቶ አለ፤ ውጭ አገር ካለው አፓርታማቸው፣ ከዘጠነኛው ፎቅ በረንዳ የተነሣ። ማማው፣ ቀለበቱ፣ ሁለቱ ጭስ ማውጫዎች።

«የት ነህ?» አለችው።

«ቤት ነኛ።»

«የማን ቤት?»

ኔትወርኩ አሁን ጥሩ ነበር፤ ፈጥኖ ወደ ነጩ ግድግዳ ሲመለስ ሳይቀር ይታያል።

«ከሥራ አስወጥተውኝ ነው እታለም። ልነግርሽ ነበር።»

«ያ ሳዝንለት የኖርኩት ተከራይ አንተ ነህ።»

«አሁን ውዝፉ ቢከፈል ቤቱ ይተርፋል። ለሁላችንም።»

«የእኛ መሆኑን ዛሬ ትፈርማለህ?»

«እኔ? በእኔና በአንቺ መሃል ወረቀት?»

ያኔ ለባሏ የመለሰችለት በዚሁ ቃል ነበር። ስልኩን ዘጋችው።

ባሏ ነግሬሽ ነበር አላለም። ቢላት ይሻላት ነበር። ወደ ታክሲው አየ፤ የአፓርታማው ቅድመ ክፍያ የተከፈለው ሁለተኛዋ ታክሲያቸው ተሽጣ ነው።

«እስካሁን የከፈልነውስ?» አላት።

ውዝፉን ካልከፈሉ ባንኩ ቤቱን ይሸጠዋል፤ ከዕዳው ገንዘብ ቢተርፍ እንኳ የሚሰጠው ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። የወንድሟ ልጆችም ደጅ ይወድቃሉ። ትልቁ የእሷን አፍንጫ ነው የያዘው።

«ይቅርታ፣ ቀለሙ ራሴን እያቃጠለኝ ነው» አለች ደንበኛዋ ቀስ ብላ።

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ገማቹ ዞረች። «ሜትሩን ጠቅልለው ወንድሜ።»

«የግምት ክፍያው አይመለስም።»

«አይመለስ።»

ደንበኛዋን ወደ መታጠቢያው ወስዳ ውሃውን ከፈተች። ስልኩ መስታወቱ ሥር እንደገና ጠራ። እጇ እርጥብ ነበር፤ አላደረቀችውም።